የአራተኛው ገጽ አባት

ጥቅምት 9

ወንድም ጋሼ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ስሰማህና ሳይህ ነው የሰነበትኩት። ጉንፋን ይዞህ እንደነበር፣ የሰማያዊው ሸሚዝህ አንገት እንደጠበበህ፣ ፀጉርህ ከግንባርህ መሸሽ እንደጀመረ ሳልጠይቅህ አውቄያለሁ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። ከትምህርት ቤቱ ጡረታ ወጣ እንጂ አሰልጣኝነቱን አልተወም፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳ ይወርድና የሰፈሩን ልጆች በፊሽካ ያሯሩጣል፣ ቤት ሲመለስ «ጉልበቴን» ይላል፣ በነጋታው እንደገና ይወርዳል።

«ስደውል ለምን ትሸሺኛለሽ?» ላልከው ይቅርታህን። አልሸሸሁህም። ስልኩ ሲጮህ አባባ የአንተን ስም ያይና ከእጄ ይነጥቀኛል፤ እሱ እየሰማ ደግሞ የማይወራ ነገር አለኝ። በአጭር መልእክት ልልክልህ ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት። ስለዚህ ይኸው፣ እንደ ድሮ ሰው በፖስታ።

የዘይት ፋብሪካችን ከሒሳብ ክፍል ጥቂት ሰዎችን ለሒሳብ ባለሙያነት ፈተናው አዘጋጅቶ ሊያስፈትን ወስኗል። የትኛው ማሠልጠኛ እንደሚሻል እንዳጠና አለቃችን ለእኔ ሰጠችኝ። ለምርጫ ከቀረቡት ሦስት ማሠልጠኛዎች አንዱ አንተ የከፈትከው መሆኑን ታውቃለች። «ወንድምሽን እንዳታስበልጪ፤ አላዳላሁም ለማለትም ብለሽ እንዳታሳንሺው። ከአንቺ በኋላ እኔ ራሴ አየዋለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ የሦስቱንም ብሮሸር አነበብኩ፣ የናሙና ትምህርታቸውን በቪዲዮ ተከታተልኩ፣ የተማሩባቸውን ሰዎች እየደወልኩ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው «ከመቶ ዘጠናው ተማሪያችን ያልፋል» ይላል። «ከየትኛው መቶ?» ብዬ ጸሐፊያቸውን ጠየቅኳት። ለካ በራሳቸው የሙከራ ፈተና የወደቀውን «አንተ የዘንድሮውን ተወው» ብለው ያስቀሩና የተረፉትን ነው የሚቆጥሩት። የሁለተኛው መሥራች እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ እየተኛ አጥንቶ አንደኛ የወጣ ሰው ነው። ታሪኩ ያስለቅሳል። የታክስ ትምህርቱ ግን የተሻረ ሕግ ነው፣ የእውነት፣ ከተሻረ የቆየ ሕግ። ተማሪው ፈተናው ላይ ነው የሚያለቅሰው።

ያንተ ሌላ ነው። የንብረት እርጅና ቅናሽን በዚያ ጎማው በወለቀ የቢሮ ወንበር ስታስረዳ ብቻዬን ሳቅሁ። ዓመታት በየወሩ ስሠራው የኖርኩትን ነገር ለምን እንደምሠራው ያን ቀን ገባኝ። የደወልኩላቸው ተማሪዎችህ «ስንወድቅ እየደወለ የት እንደተሳሳትን ይጠይቀናል» አሉኝ። ኮራሁብህ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ለብቻዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ የብሮሸርህን አራተኛ ገጽ ገለጥኩ።

«ፈተናውን በወደቅኩበት ቀን አባቴ መጽሐፎቼን አንድ በአንድ ወደ ዝናቡ ወረወራቸው። ‹ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም› አለኝ። እኔም ከጭቃው እየለቀምኩ ማልኩ፦ አንድ ቀን እንደኔ አባታቸው ያላመነባቸውን ልጆች አስተምራለሁ ብዬ።»

ያን ቀን እኔም ቤት ነበርኩ፣ ወንድም ጋሼ። ትንሽ ብሆንም ነበርኩ። ዝናቡ እውነት ነው፤ መጽሐፎችህም ርሰዋል። ያረጠባቸው ግን የሚያፈሰው ጣሪያችን ነው። አባባ ካውያውን አሙቆ ገጾቹን አንድ በአንድ ሲተኩስልህ አመሸ። አንዱን አቃጠለውና «ይሄ ምዕራፍ ለፈተና አይመጣም» ብሎ አሳቀን። እማዬ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው ያን ጊዜ ነበር።

ማን ነው የጻፈው? እባክህ ሌላ ሰው ነው በለኝ። አባባ ገና አላየውም። ብሮሸሩን ልብሴ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ፣ ልክ የሰረቅኩት ይመስል።

እህትህ


ጥቅምት 20

ሚጢጢዬ፣

ለመሆኑ ፀጉሬ ያን ያህል ሸሽቷል? ካሜራው ነው በይኝ። ስለ ወንበሩ ያልሽውን ለመምህራኖቼ አነበብኩላቸው። የቀረውን አላነበብኩላቸውም።

ለጥያቄሽ መልሱ፣ የጻፈው የማስታወቂያ ሠራተኛችን ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር፣ ዛሬ ግድግዳ ተደግፈው የሚማሩ አሉ። ማስታወቂያ እኮ ነው፣ እህቴ! ሳሙና ስትገዢ ማሸጊያው ላይ እንዳለችው ሴትዮ እየተፍለቀለቅሽ ነው እንዴ የምታጥቢው? ሰው ያውቀዋል። ሁሉም መሥራች አንድ ታሪክ አለው፤ ታሪክ የሌለው ደግሞ ተማሪ የለውም። ያ ጆንያ ላይ ተኛሁ ያለሽ ሰውዬ አብሮኝ ነው የተማረው፤ አባቱ ባለ ሆቴል ናቸው። ጆንያ የሚያውቀው ድብብቆሽ ሲጫወት ነው።

የአባባ ስም አልተጠራም። ፎቶውም የለም። «አባቴ» ነው የሚለው፣ አባት የሌለው ማን አለና? እዚያ ድረስ መጥቶ የእኔን ብሮሸር የሚያገላብጠውስ ማን ነው? እሱ እንዳያየው ብቻ ተጠንቀቂ። መሸጎጥሽ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ለአለቃሽ በምትሰጪያት ወረቀት ላይ ስለ መሥራቹ የሚጠይቅ ነገር አለ? ካለ ዝለይው። የማስተምረውን አይተሻል፤ እሱን ጻፊ። ስንተኛ እንደሆንኩም ንገሪኝ፣ ልቤ ተሰቅሏል።

አባባን ሳሚልኝ። ምዝገባው እንዳለፈ መምጣቴ አይቀርም።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ወንድም ጋሼ፣

አንደኛ ነህ። የጠየቅከኝን አስቀድሜ ልመልስና ልገላገል። አለቃችንም ለብቻዋ አይታው «ወንድምሽ ባይሆንም የምመርጠው ይሄንኑ ነበር» ብላለች። ወረቀቱ ላይ «የመሥራቹ ማንነትና ልምድ» የሚል ዓምድ አለ። ባዶ ተውኩት። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ያልጠየቀችበት ምክንያት የገባኝ ቆይቶ ነው።

«የሚያገላብጠው ማን ነው» ብለኸኝ ነበር። ሁሉም ነው ያገላበጠው። እኔ የሸጎጥኩት አንዱን ቅጂ ነው፤ ሌሎቹ የክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ናቸው የሚውሉት፤ ደግሞ በዚህ ከተማ የማን ልጅ እንደሆንክ የማያውቅ የለም። ገንዘብ ያዣችን በሻይ ሰዓት ወንበሯን አስጠጋችና እጄን ያዘችው። «አንቺንም ይመታሽ ነበር?» አለችኝ። መጀመሪያ ስለ ማን እንደምታወራ አልገባኝም። ሲገባኝ ሻዩን ትቼ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

በነጋታው ዝናብ ጣለ። አባባ ጃንጥላ ረስቼ መውጣቴን አይቶ እስከ ፋብሪካው ድረስ በእግሩ መጣ። በር ላይ ያለው ጥበቃ የድሮ ተማሪው ነው፤ ሌላ ጊዜ «አሰልጣኝ!» ብሎ ከሩቅ ይጮህለታል። ዝም ብሎ በሩን ከፈተለት። ገንዘብ ያዣችን ሁልጊዜ «አረፍ ይበሉ አባቴ» የምትል ሴት ናት፤ አንገቷን ኮምፒውተሯ ውስጥ ቀበረች። አባባ ወለሉ መሃል ቆሞ፣ ጃንጥላው እግሩ ስር እያንጠባጠበ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና «ምነው፣ ዛሬ ደመወዝ አልገባም እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «ውሸት ነው» ብል። ግን ብሮሸሩ ውሸት ነው ካልኩ ማሠልጠኛህም ውሸት ሊመስል ነው፤ አንደኛ ያልኩህም አፈር ሊበላ ነው። ጃንጥላውን ተቀበልኩትና «በል ሂድ፣ ይበርድሃል» አልኩት። እንደማላውቀው ሰው ሸኘሁት። በመስኮት ሳየው እየበሰበሰ ነበር የሚሄደው። ለካ ሁለት ጃንጥላ አልያዘም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴን አሳልፌ የሰጠሁት ለማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ለአንተ ነው እንዳልል አንተም አላተረፍክ።

ከእንግዲህ ማን ጻፈው አልልህም። አንተ ስታነበው ምን አልክ?

እህትህ


ኅዳር 9

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ራሴን የማክበት ጊዜ የለኝም፤ በሰፊው እመለስበታለሁ። ለአባባ ሹራብ ልኬለታለሁ፣ ግራጫ፣ ከጥሩ ሱቅ የተገዛ። ልኩ ካልሆነ ንገሪኝ፣ ይቀየራል።

ወንድምሽ


ኅዳር 16

ወንድም ጋሼ፣

ሹራቡ ልኩ ነው። እጅጌው ትንሽ ይረዝመዋል፣ አጥፌለታለሁ።

አባባ ደህና ነው። ሜዳ መውረድ ግን ትቷል። «ብርድ ነው» ይላል።

ያልጠየቅከኝን አልጽፍልህም።

እህትህ


ኅዳር 24

እህት ዓለሜ፣

«ብርድ ነው» የምትለዋን ካነበብኩ በኋላ ክፍል ገብቼ ማስተማር አቃተኝ። ያ ሰው እኮ በረዶ ሲጥል በቁምጣ የሚሮጥ ነው! እውነቱን ጻፊልኝ። ሰምቷል? ማን ነገረው? ግን ከመመለስሽ በፊት እኔ ያልመለስኩልሽ አለ።

ስታነበው ምን አልክ ብለሽኛል። ምንም አላልኩም። ጥፋቱም እሱ ነው።

ለማስታወቂያ ሠራተኛው መጀመሪያ የነገርኩት እውነቱን ነበር፤ የእማዬን ሞት፣ መውደቄን፣ ጣሪያውን። ካውያውንም ነግሬዋለሁ። ብዕሩን አስቀመጠና «ለጣሪያ ማን ያለቅሳል?» አለኝ። «ታሪክ በዳይ ያስፈልገዋል። መጽሐፎቹን ዝናብ ላይ የጣላቸው ማን ነው?» «ማንም» አልኩት። «እንበልና አባትህ ቢሆኑስ?» አለ። እንበልና። በዚህች ቃል ነው የገባሁት። ጽፎ ሲያመጣልኝ ፊቴ ጋለ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? አንድ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎት ነበር፤ እሱን አርሜ መለስኩለት። ሰረዝ ነው ያረምኩት፣ እህቴ።

ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ለአዲስ ተማሪዎች እንድናገረው አደረገኝ። በመጀመሪያው ቀን ከወረቀት አነበብኩት። በኋላ በቃሌ ያዝኩት። አንድ ቀን መሃል ላይ አለቀስኩ፣ የምር እንባ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ለእማዬ ይሁን ለራሴ። ሰው ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ፣ ልጁም በቪዲዮ ቀረጸው። ከመድረክ ስወርድ አንዲት ተማሪ ጥግ ይዛ ጠበቀችኝ። ቀን ሆስፒታል መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ከሥራ በኋላ የምትማር ልጅ ናት። «የእኔም አባት ልክ እንደ እርስዎ አባት ናቸው። እርስዎ ካለፉት እኔስ ብዬ ነው የተመዘገብኩት» አለችኝ። ምን ልበላት? ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ «አይዞሽ» አልኳት። ባልቆሰልኩት ቁስል ሰው አጽናናሁ።

ምዝገባው እንዳበቃ ገጹን አወጣዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር አይኖርም፣ ቃሌ ነው። አሁን መሃል ላይ ባወጣው ግን ሰው ምን ይላል?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ወንድም ጋሼ፣

«ሰው ምን ይላል» ብለሃል። ሌላውን ሰው ተወውና አባባ ምን እንዳለ ልንገርህ።

አዎ፣ ሰምቷል። ሹራቡን ስትልክለት ያውቅ ነበር። የሰማው ፀጉር ቤት ነው። ተራውን ሲጠብቅ አንድ የድሮ ተማሪው «አሰልጣኝ፣ ልጅዎን አዩልኝ!» ብሎ የአዳራሹን ቪዲዮ በስልኩ ከፈተለት። ሰውየው ምን እንዳለበት አላየውም፤ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነው። ድምፁንም ከፍ አደረገው። ፀጉር ቤቱ በሙሉ ሰማ። አባባ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው አየና «ጎበዝ ተናጋሪ ሆኗል» አለ፤ ተራው ሳይደርስም ተነሥቶ ወጣ። ይሄን የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ።

አንዲት ነገር እየተደባበቅን አንድ ገበታ ላይ ስንቀርብ፣ አንድ ሬዲዮ ስናዳምጥ ከረምን። ያንተ የመጨረሻው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን አልቻልኩም። አጠገቡ ቁጭ አልኩና «አባባ፣ ወንድሜ የተናገረው የፈጠራ ታሪክ ነው። መጽሐፎቹን አልወረወርክም፤ ተኮስክለት እንጂ» አልኩት።

ምን ያለኝ ይመስልሃል?

«ልጄ አይዋሽም።»

«ራሱ ጽፎልኛል እኮ፣ አባባ! ይኸው ደብዳቤው!»

ደብዳቤውን በእጁ ገፋ አደረገው። «እያለቀሰ ሲናገር አይቼዋለሁ። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አይዋሽም። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

«እኔ ነበርኩ! ካውያውን አስታውሳለሁ!»

«አንቺ ትንሽ ነበርሽ። መተኮሱን አየሽ፤ ከዚያ በፊት የሆነውን አላየሽም ይሆናል። ምናልባት ወርውሬ፣ ተጸጽቼ ነው የተኮስኩለት።» ግድግዳው ላይ ያለውን የእማዬን ፎቶ ሲያይ ቆየና «እሷ የሞተች ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር እኔስ አውቃለሁ? ያን ዓመት እኮ አልነበርኩም» አለኝ።

ሜዳ የማይወርደው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረኝ። «በሰው ልጅ ላይ ፊሽካ የምነፋው እኔ ማን ነኝ?» አለኝ። መንገድ ላይ ሰላም ያላለውን ሰው ሁሉ «እውነቱን ነው» ይለዋል። እኔ የቢሮው ዕለት ያባረርኩትንም ሳያውቀው አልቀረም። በግልጽ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ «ወረቀት አምጪና ጻፊልኝ» አለኝ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ አልነገርኩህም እንጂ። አልጽፍም አልኩት። «እንግዲያው ጎረቤት አስጽፋለሁ» ሲለኝ ጊዜ ጻፍኩት። ቃሉን እንዳለ ነው፦

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። መጽሐፎችህን እንደዚያ ማድረጌን አላስታውስም፤ አለማስታወሴ ደግሞ ይብሳል። ልጅ የለኝም ብዬህ ከሆነ ያ ቃል ከአፌ እንጂ ከልቤ አልወጣም። ይሄን ሁሉ ዓመት በሆድህ ይዘኸው፣ በመጣህ ቁጥር አንገቴን አቅፈህ ስትስመኝ ኖርክ። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር። ለተማሪዎችህ ስትናገረው ቀለል የሚልህ ከሆነ ተናገረው፣ እኔን ብለህ አትተወው። ሹራቡ ይሞቃል። አባትህ።»

ይኸው። እንደፈለግክ አድርገው።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

እህቴ፣

ቆሜ ነው የከፈትኩት። የአባባ ቃል ጋ ስደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «እኔን ብለህ አትተወው» ይላል። እህቴ፣ ይሄን ሰው ነው የሸጥኩት።

ወዲያው ደወልኩለት፤ ሳይነግርሽ አልቀረም። «ድምፅህ ምን ሆኗል? ብርድ መታህ እንዴ?» አለኝ። «ጉንፋን ነው» ብዬ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ። ሙሉ አዳራሽ ፊት የማልፈራ ሰው አንድ ሽማግሌ ፈራሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» ብለሽ በመልእክት ለላክሽልኝ፣ አድርጌዋለሁ። ትናንት አዲስ ተማሪዎች የምንቀበልበት ቀን ነበር፣ አዳራሹ ሞልቷል። ታሪኩን እስክጀምር ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ስልካቸውን ለቀረጻ ደቅነዋል። «አባቴ መጽሐፎቼን አልወረወረም» አልኩ። የድምፅ ሠራተኛው ማይክሮፎኑ የተበላሸ መስሎት ቀና አለ። ደገምኩት። የሆነውን እንደሆነው ነገርኳቸው፤ ካውያውን፣ ‹እንበልና›ን፣ ሰረዙን። «አባቴን በዳይ ያደረግኩት እናንተ እንድትመዘገቡልኝ ብዬ ነው» አልኳቸው። ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ የማለፊያ ውጤታችሁስ? እሱም እንደዚሁ ነው?» ብሎ ጮኸ። አንቺ ብትኖሪ የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። የወደቁትንም ያለፉትንም ዝርዝር አስመጥቼ ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። እያነበበ የቀረ ቀረ፣ የወጣ ወጣ። ወጪውን ቆሜ ለማየት ወኔ አልነበረኝም፤ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ።

የማስታወቂያ ሠራተኛዬ ከመድረክ ጀርባ ጠበቀኝ። «ለዚህ ነው የለፋሁልህ?» አለኝ። አልተቆጣም እንኳ፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። የቢሮውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እሱን አልወቅሰውም። እሱ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው፣ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ያቺ የሆስፒታሏ ተማሪም ለመርዳት ብላ መጥታ ነበር። ሰው እስኪያልቅ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቆመች። «የእኔ እውነት ነበር» አለችኝ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፣ ዛሬም ክፍል አልመጣችም። እደውላለሁ እላለሁ፣ ስልኩን አነሣለሁ፣ ምን እንደምላት ይጠፋኛል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ለአባባ ንገሪው፤ ካልነገርሽው መንገድ ላይ ሐሳቤን እንዳልቀይር ራሴን አላምነውም። አንቺ ሰው ፊት የዋጥሽውንም ውርደት እኔ ነኝ ያጎረስኩሽ። ይቅርታ ብዬ መጻፍ ቀላል ሆነብኝ፤ ስመጣ ፊት ለፊት እልሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24

ወንድም ጋሼ፣

በሰላም መግባትህ ደስ ብሎኛል። «ከዓመታት በኋላ ቀለለኝ» ብለህ የጻፍከውን አይቼ ይሄን ደብዳቤ ልጻፍ ልተወው እያልኩ ብዕሩን ሳነሣ ስጥል ሰነበትኩ። በመዘግየቴ አትቀየመኝ።

መጀመሪያ ደህናውን ልንገርህ። በሄድክ በማግስቱ በሻይ ሰዓት ተነሥቼ ቆምኩ። «አባቴ ብሮሸሩ ላይ ያለውን አላደረገም። ጃንጥላ ይዞልኝ የመጣ ዕለት ይሄን ሳልነግራችሁ ዝም በማለቴ አፍራለሁ» አልኳቸው። ገንዘብ ያዣችን አፏን ያዘች፤ «እኔ እኮ ወንበር ነሣኋቸው» እያለች ስትብሰለሰል ዋለች። ባዶ የተውኩትን ዓምድም ሞላሁት፦ «መሥራቹ ስለ ቤተሰቡ ያሠራጨው ታሪክ ሐሰት ነው፤ ይህንኑ በራሱ አንደበት ለተማሪዎቹ ተናግሯል» ብዬ። አለቃችን አነበበችውና «አሁንም አንደኛ ነው?» አለችኝ። «ትምህርቱ አዎ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ትምህርቱን እንውሰድ፣ ታሪኩን ለራሱ ይተውልን» አለች። ስለዚህ ተማሪህ ልሆን ነው። ወንበሩን እንዳትጥለው።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ። «ከሄድኩ በኋላ አባባ ምን አለ? ሜዳስ ወረደ?» ብለሃል።

ቅዳሜ ስትነግረው እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እግሩ ላይ ወድቀህ «ዋሸሁ አባባ፣ አንተ ምንም አላደረግክም» ስትለው ሰምቻለሁ። ራስህን እየዳበሰ «በቃ፣ በቃ ልጄ፣ ተነሥ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» ሲልህ አይቻለሁ። አንተም ያየኸው ይሄን ነው። አብራችሁ በላችሁ፣ እንደ ድሮው ተቀላለዳችሁ፣ አውቶቡስ ድረስ ሸኘህ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። አለቀ፣ ተመስገን አልኩ።

ጫማውን ሲፈታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ይኸው፣ ሰማኸው አይደል? አልነገርኩህም?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግታው እንዲህ ነበር እንዳልልህ፣ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«ወንድምሽ ደግ ልጅ ነው» አለኝ። «አባቱ እንዳያፍር ብሎ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ራሱን ውሸታም አደረገ።»

ጮህኩ፣ ወንድም ጋሼ። አባባ ላይ ጮኼ አላውቅም። «አላደረግክም! አላደረግክም!» አልኩት። «እሺ፣ እሺ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እነግረዋለሁ፣ በየቀኑ እሺ ይለኛል። እሺ የሚለኝ እኔን ላለማሳዘን ነው። ሜዳም አልወረደም። አንተን ግን ላገኘው ሁሉ ያወራል፤ ይቅር የማለት ጸጋ ተሰጥቶታል ይላል።

ልወቅስህ አይደለም። እኔም የድርሻዬን ተሸክሜያለሁ። ግን ቀለለኝ ስትለኝ ያራገፍከው የት እንደወደቀ ማወቅ አለብህ ብዬ ነው። አንድ ቅዳሜ መጥተህ የምትጨርሰው አልሆነም። ደግመህ ና። ስብሰባ አለ አትበለኝ፣ ሹራብም አትላክ። መጥተህ ንገረው፣ ሳያምንህ ስትቀር በሌላውም ቅዳሜ መጥተህ ንገረው። አንተ የተናገርከውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነበር፤ አሁን እውነቱን እስኪያምንህ ድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ አንተም እኔም አናውቅም።

አባባ ማን ጋ ነው የምትጽፊው ብሎኛል። «ለእሱ» አልኩት። «ሰላም በይልኝ፣ በጣም እንዳይደክም» ብሎሃል።

እህትህ